ኡቡንቱ 20.04 ለምትጠቀሙ አባላት
ሰላም የክለባችን አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በክለቡ ክፍል ኡቡንቱ 20.04 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለባቸውን ላፕቶፖች አብረን እናሻሽላለን። የዚህ ስሪት መደበኛ ድጋፍ በሜይ 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። አፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያሻሽለው መሣሪያ) “የሚሻሻል ነገር የለም” ሲላችሁ ኮምፒውተራችሁ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የደህንነት ጥገናው በመደበኛው መንገድ መምጣቱን ስላቆመ ነው። እባካችሁ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ከ20.04 በቀጥታ ወደ ኡቡንቱ 24.04 ስሪት መዝለል አይቻልም፤ መጀመሪያ ወደ 22.04 መሻገር ግድ ነው። ስለዚህ ጊዜ ይዛችሁ ኑ። ኢንተርኔቱ እንዳይጨናነቅ ፓኬጆቹን (የማሻሻያ ፋይሎቹን) አንዴ አውርዶ ለሁሉም የሚያድል ኮምፒውተር አዘጋጅተናል።

ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ቻርጀር እንዳትረሱ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁንና ዲስካችሁ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ እዚሁ ጻፉልን።