የተሸነፍነው በ2 ዶላር ከ50 አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ አንባቢያችሁ የጻፉትን ደብዳቤ አነበብኩ። በኢንተርኔት ጨረታ ሳምንቱን ሙሉ ሲጫረቱ ቆይተው አምስት ሴኮንድ ሲቀር ዕቃው ከእጃቸው ወጣ። የተበለጡት በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በራሱ ዋጋ የሚያስገባ ኮምፒውተር ዘረፈኝ ብለው ነው የደመደሙት። ሳነበው አንጀቴን በላኝ፤ እኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። በድምዳሜያቸው ግን አልስማማም። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ደግሞ እንደዚያ የተናደደ ሰው ቀጥሎ የሚሠራውን ስህተት እኔ ስለሠራሁት፣ ገንዘብም ስላስከፈለኝ ነው።

የምሰበስበው የድሮ የኢትዮጵያ ገንዘብ ነው። አልነግድበትም። አያቴ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ የምትይዛት አንዲት የምኒልክ ብር ነበረቻት። ካረፈች በኋላ ብሯ የት እንደገባች የሚያውቅ ጠፋ። እኔም ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ያቺን የምትመስል ፍለጋ ጀመርኩ። ባለፈው ዓመት አንዷን አንድ የጨረታ ድረ ገጽ ላይ አገኘኋት። በአንድ በኩል ዘውድ የደፉት ምኒልክ፣ በሌላው አንበሳው፣ ፲፰፻፹፱ የሚለው ዓመተ ምሕረትም ሳይፋቅ። ጠርዟ ንጹሕ ነው። ሻጩ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፎቶ አንስቷታል፤ 28 ግራም፣ ልክ መሆን ያለባትን።

ጨረታው የሚያልቀው እሑድ ማታ ነበር። ዋጋው እየተንፏቀቀ 160 ዶላር ደርሷል። እኔ 185 አስገብቼ እየመራሁ ነው። ልጆቹን አስተኛሁና ስልኬን ይዤ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ሻዩን ቀድቼ ረሳሁት። አንድ ደቂቃ። ሠላሳ ሴኮንድ። እየመራሁ መሆኔን የሚነግረኝ አረንጓዴ ጽሑፍ አልተነቃነቀም። አራት ሴኮንድ ሲቀር ቀይ ሆነ፤ 187 ዶላር ከ50። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ 200 ብዬ ጻፍኩ። ቁልፉን ስጫን ገጹ ተዘግቷል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ያቺ 2 ዶላር ከ50 ናት። ምነው 190 ብዬ ቢሆን እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። አንባቢያችሁም ያሉት ይህንኑ ነው። ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም።

ኢቤይ በሚባለው የጨረታ ድረ ገጽ ላይና እሱን በመሳሰሉ ቦታዎች የምታስገባው ቁጥር የመጨረሻ አቅምህ ነው። ሲስተሙ ቁጥሩን ለሌላው ሳያሳይ ይይዘውና፣ ሰው በመጣብህ ቁጥር አንተን ወክሎ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምርልሃል። የጭማሪው መጠን እንደ ዋጋው ይለያያል። ኢቤይ ላይ ዋጋው 100 ዶላር ካለፈ ጀምሮ 250 እስኪደርስ አንዱ እርምጃ 2 ዶላር ከ50 ነው። አሸናፊው የሚከፍለው ታዲያ እሱ የጻፈውን ሳይሆን፣ ሁለተኛው ሰው የጻፈው ላይ አንድ እርምጃ ተጨምሮበት ነው። እኔ 185 ጽፌያለሁ። ያ ሰው 190 ይጻፍ፣ 300 ይጻፍ፣ 500 ይጻፍ፣ ገጹ ላይ የሚታየው ያው 187 ዶላር ከ50 ነው። እኔ 190 ብል ኖሮ ምናልባት በ192 ዶላር ከ50 እሸነፍ ነበር፤ ያኔም በ2 ዶላር ከ50 ተበለጥኩ ብዬ አዝን ነበር። ያቺ ትንሽ ልዩነት ሁልጊዜ ትንሽ ናት። የሰውየውን ኪስ አታሳይም።

ሀገር ቤት ሁለት ዓይነት ጨረታ እናውቃለን። አንደኛው ሐራጅ ነው። ተጫራቾች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አጫራቹ የሚጨምር አለ ወይ እያለ ይጠይቃል፣ የሚጨምር እስኪጠፋ ድረስ ጨረታው አይዘጋም። ሁለተኛው በታሸገ ኤንቬሎፕ የሚቀርበው ነው። ዋጋህን ትጽፋለህ፣ ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ታያይዛለህ፣ ሳጥን ውስጥ ትከታለህ። ከዚያ በኋላ ጎንህ ያለው ሰው ስንት እንደጻፈ ብትሰማም ያንተ ቁጥር አይለወጥም። ኢቤይ መልኩ የሐራጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዋጋ ሲወጣ ታያለህ፣ መሪው ይቀያየራል፣ ደምህ ይሞቃል። መጨረሻው ላይ ግን ኤንቬሎፕ ይሆናል። ሰዓቱ ከሞላ ሞላ፣ የሚጨምር አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። እኔ ሐራጅ ላይ ያለሁ መስሎኝ ነበር። ሲጨምሩ እጨምራለሁ ብዬ የልቤን ዋጋ ሳልጽፍ ቁጭ አልኩ። ለብሯ ከልቤ እሰጥ የነበረው 220 ነበር፤ ኤንቬሎፑ ውስጥ ያለው ግን 185።

ዊልያም ቪክሪ የሚባል የኢኮኖሚ ምሁር አሸናፊው በሁለተኛው ሰው ዋጋ የሚከፍልበትን ጨረታ በ1961 እ.ኤ.አ. ተንትኖት ነበር፤ በ1996 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው። ነጥቡ ቀላል ነው። የምትከፍለው በሌላው ሰው ቁጥር ከሆነ የራስህን ቁጥር ዝቅ ማድረግ ምንም አያተርፍልህም፤ የሚጎዳው ራስህን ነው።

እንግዲያው እውነተኛ ዋጋውን ሰኞ ጽፎ መተኛት ነዋ፣ ለምን እስከ እሑድ ማታ ይጠበቃል? ይህንን አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የሚባሉ ተመራማሪዎች አጥንተውታል። ጥናቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ኢቤይን ያኔ አማዞን ከነበረው ጨረታ ጋር አወዳደሩት። አማዞን ላይ መጨረሻው ሰዓት ላይ ዋጋ ከገባ ጨረታው ይራዘም ነበር፤ አስር ደቂቃ ሙሉ ዝም ካልተባለ አይዘጋም ነበር። ኢቤይ አይራዘምም። መጨረሻው ሰዓት ላይ መዝለል የበዛው ኢቤይ ላይ ነው፤ እዚያ ሰው ልምድ ባገኘ ቁጥር እያዘገየ ይገባል። ኮምፒውተር ከሚሸጥበት ጨረታ ይልቅ ደግሞ የጥንት ዕቃ የሚሸጥበት ላይ ይብሳል። ይህ ለእኛ ሰብሳቢዎች ትልቅ ነገር ነው። የጥንት ዕቃ ትክክለኛ ይሁን ፎርጅድ ለይቶ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ያ ሰው ቀድሞ ዋጋ ካስገባ ሌላው ዕቃው ደህና መሆኑን ከእሱ ይማራል። ስለዚህ ዐዋቂው ዝም ብሎ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይገባል። ደግሞም መጨረሻ ላይ መግባቱ፣ እንደ እኔ ሌላው ሲጨምር አይተው የሚጨምሩ ሰዎችን መልስ የሚሰጡበትን ጊዜ ያሳጣቸዋል። በእጁ ያስገባም በሶፍትዌር ያስገባም ያው ነው። ያ ዘረፋ አይደለም፣ ሕጉ የፈቀደው ነው። ኢቤይ ራሱ አይከለክለውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በሳምንቱ ሌላ ብር ወጣ። እንደገና አልሸነፍም ብዬ ማልጄ 260 አስገባሁ። አንድ ሌላ ሰው ሲገፋኝ ሰንብቶ 240 ላይ ቆመ፤ እኔም በ242 ዶላር ከ50 አሸነፍኩ። ዕቃው ሲመጣ ከፖስታው አውጥቼ መብራት ሥር ያዝኩት። ከዘውዱ በላይ ጠርዙ ላይ የብየዳ ምልክት አለ። አንድ ጊዜ የአንገት ጌጥ ሆኖ ማንጠልጠያ ተበይዶበት ነበር፤ ያ ነገር ተነቅሎ ቦታው በሞረድ ተስተካክሏል። ፎቶው ላይ ይታይ ነበር። ተመልሼ አየሁት፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ያኔ የማየው ያለፈውን እሑድ ነበር። የሰበሰብኩትን ሳወጣ ዛሬም ያ ብር ቅር ይለኛል።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ዕቃውን መጀመሪያ ያየሁ ቀን፣ ገና ደሜ ሳይሞቅ፣ የመላኪያና የታክስ ወጪውን ቀንሼ ዋጋዬን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ድፍን ቁጥር አልጽፍም። ሁለት ሰው እኩል ከጻፈ ቀድሞ ያስገባው ነው የሚያሸንፈው፣ ብዙ ሰው ደግሞ 200 ወይም 220 ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ 221 ዶላር ከ37 ዓይነት ነገር እጽፋለሁ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ዋጋ አላስገባም። አስር ሴኮንድ ያህል ሲቀር አንድ ጊዜ አስገብቼ ስልኩን እገለብጠዋለሁ። ሥራ ላይ ከሆንኩ ቀደም ብዬ ያንኑ ቁጥር አስገብቼ እተወዋለሁ። ሌላ ሰው ከዚያ በላይ ከፈለ ማለት ከእኔ የበለጠ ፈልጎታል ማለት ነው። በመጨረሻ ሴኮንድ የሚያስገቡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን የአካውንትህን ፓስወርድ ይፈልጋሉ፣ እኔ ይህን አልሰጥም።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ለብርና ለቴምብር ነው። የመቅደላ ዘረፋ ዕቃ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ሊሸጡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ኤምባሲያችን ጠይቆ ከጨረታ ወጥተዋል። እንደዚያ ያለ ነገር ስታዩ ዋጋ አታስገቡ፣ ለኤምባሲው ደውሉ።

አንባቢያችሁ ግን አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ሰዓቱ ላይ ድርግም ብሎ የሚዘጋ ጨረታ ለአዲስ ሰው ከባድ ነው። መሆን ያለበትም እንደዚያ ብቻ አይደለም። የኒው ዚላንዱ ትሬድ ሚ መጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ዋጋ ከገባ ጊዜውን ያራዝማል። እዚያ ሴኮንድ ቆጥሮ መዝለል ፋይዳ የለውም። ሻጩም ይጠቀማል፤ እኔ 200 ብዬ የጻፍኩት ቢገባ ኖሮ የዚያች ብር ባለቤት ከ187 ዶላር ከ50 በላይ ያገኝ ነበር።

ሀገር ቤት በኢንተርኔት ለማጫረት የምታስቡ ሰዎች ይህን ጋዜጣ እንደምታነቡ ተስፋ አለኝ። ጊዜው የሚራዘም አድርጉት። ካልሆነም አዘጋጉን ከዕቃው ፎቶ በላይ፣ በጉልህ ፊደል ጻፉት። የጋዜጣ የጨረታ ማስታወቂያ እኮ ኤንቬሎፑ በስንት ሰዓት እንደሚታሸግ፣ በስንት ሰዓት ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት እንደሚከፈት ሳይናገር አይወጣም።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ