ትኩሳቱ አምስት ቀን ከሞላው ካዋሳኪን ጠርጥሩ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና አምዳችሁ ስለ ህፃናት ትኩሳት ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው ግን ካዋሳኪ የሚባለው በሽታ ስሙም አልተነሳ። የህፃናት ክፍል ነርስ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ካዋሳኪ የደም ስሮችን የሚያስቆጣ በሽታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 አመት በታች ያሉትን ነው፣ ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፣ ምን እንደሚያስነሳው ደግሞ እስካሁን በትክክል አልታወቀም። ጃፓናዊው የህፃናት ሐኪም ቶሚሳኩ ካዋሳኪ በፈረንጆቹ 1967 ነው በዝርዝር የጻፉት። የሚያስፈራው ትኩሳቱ አይደለም፣ ልብን ራሱን የሚመግቡትን ኮሮናሪ የሚባሉትን የደም ስሮች መንካቱ ነው። ሳይታከም ከቀረ ከ4 ልጆች አንዱ ላይ ያብጣሉ፣ ካበጡ ደግሞ ደም ሊረጋባቸው ይችላል፣ ያኔ በህፃንነቱ የልብ ድካም ሳይሆን ቀጥታ ሀርት አታክ ነው የሚመጣው።

ችግሩ አንድ ምርመራ ተሰርቶ አዎ ካዋሳኪ ነው የሚባልበት መንገድ የለም። ሐኪሙ የሚያየው 5 ቀንና ከዛ በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ከሱ ጋር ሁለቱም አይን መቅላት (አይናር የለውም)፣ የከንፈር መሰነጣጠቅና የምላስ መቅላት፣ ሽፍታ፣ የእጅና የእግር ማበጥ፣ አንገት ላይ ንፍፊት ነው፣ ከትኩሳቱ ጋር ከነዚህ 5 ምልክቶች 4ቱ ካሉ ካዋሳኪ ይባላል። የጣት ቆዳ መላጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ምልክት ነው ግን እሱ የሚመጣው ከ2 ሳምንት በኋላ ስለሆነ እሱን መጠበቅ ጊዜ መግደል ነው። እና ደግሞ ምልክቶቹ አንድ ላይ አይመጡም፣ ሰኞ የነበረው ሽፍታ ሐሙስ ሆስፒታል ስትደርሱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ወላጆች እባካችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀንም ጻፉት። ሐኪም ሳይጠይቃችሁም ንገሩት!

ከ6 ወር በታች ያሉት ላይ ይብሳል፣ ምልክቱ ሳይሟላ ትኩሳት ብቻ ሆኖ ልቡን ሊነካው ይችላል፣ ለዛ ነው ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት 7 ቀን ከቆየባቸው ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሰራ የሚባለው። አንቲባዮቲክ እየቀያየሩ መስጠት እዚህ ጋ ምንም አይፈይድም፣ እውነቱን ለመናገር በጣም የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ህክምናው አለ እኮ። ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ አንቲቦዲ) በደም ስር ይሰጣል፣ በኪሎ 2 ግራም፣ ከ10 እስከ 12 ሰአት ፈጅቶ ቀስ እያለ የሚገባ፣ ትኩሳቱ በጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ያ ከ4 አንድ ያልኩት ወደ 4 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያው ዶዝ ትኩሳቱ አይለቀውም፣ ይደገምለታል ወይ ቁጣውን የሚያበርዱ ስቴሮይድ ወይ ኢንፍሊክሲማብ የሚባሉ መድሃኒቶች ይጨመሩለታል። ከዛ አነስተኛ አስፒሪን ለ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ኢኮውም ይደገማል፣ እብጠት ከተገኘ ክትትሉ ለአመታት ነው። አስፒሪን በራሳችሁ እንዳትሰጡ፣ በሐኪም ታዞ እየወሰደ ጉድፍ ወይ ኢንፍሉዌንዛ ከያዘው ደግሞ በዛው ቀን ለሐኪሙ ንገሩ፣ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ሬይ ሲንድረም የሚባል ነገር አለ። የኩፍኝና የጉድፍ ክትባትም ኢሚዩኖግሎቡሊን ከወሰደ በኋላ 11 ወር ይቆያል፣ ክትባት የሚሰጠው ባለሙያ ይሄን ካልሰማ ቶሎ ሊወጋው ይችላል።

አምዱን ድጋሚ የምታወጡት ከሆነ ቢያንስ የቀኖቹን ነገር ጨምሩበት።

አንባቢያችሁ