ስለ ሩጫ ቡድናችንና ስለ ተጠባባቂዎቹ፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው ደብዳቤ የክፍያም የዩኒፎርምም አይደለም፣ አትደንግጡ። የሩጫ ነው።

የአትሌቲክስ ቡድናችን በክፍለ ከተማ ደረጃ በተካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድር ተካፍሎ ሁለት ነሐስ ይዞ ተመልሷል። ልጆቹን ሰኞ በሰልፍ ላይ አጨብጭበንላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ግን የቢሮዬ ስልክ ፋታ አልሰጠኝም። ከደወላችሁት ግማሾቻችሁ «ልጄ ዓመቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ እንዴት ተጠባባቂ ይሆናል?» ትላላችሁ። አንድ አባት እንዲያውም «እኛም እኮ እኩል ነው የምንከፍለው» ብለውኛል። ሳቄን አምቄ ነው ያዳመጥኳቸው፣ ንዴታቸው ግን ከልብ ነበር። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ፈተና ደርሷል፣ ልጄን ከዚህ ሩጫ አውጡልኝ» ብላችኋል። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ መመለስ ስላልቻልኩ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፍ።

ከፈተናው ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። ስጋታችሁ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ማን ይረሳል? ከዚያ በኋላ ወላጅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። እኔም «ሩጫ ማርክ ይጨምራል» ብዬ አልሸነግላችሁም። መምህራኑ የሚነግሩኝ ግን ልጆቹ ልምምድ ያለባቸው ቀን የቤት ሥራቸውን በእረፍት ሰዓት እንደሚጨርሱ ነው። ማምሻውን ደክሟቸው እንደሚገቡ ስለሚያውቁ ነዋ! ውጤቱ የወረደ ልጅ እስኪያስተካክል ድረስ ልምምድ አይገባም። ይህ ደንብ ድሮም ነበር፣ አሁንም አለ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለተኛው ሴሚስተር ውድድር ላይ አይሰለፉም። በሳምንት ሁለት ጠዋት ላብ ማውጣት ከፈለጉ ግን አንከለክላቸውም። ስለ ፈተና ያለኝ ይኸው ነው።

ወደ ተጠባባቂው ልምጣ።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ብዙዎቻችን ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን ነበር። የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ነው። ታምራት ቶላ ያን ዳገት ብቻውን ሲወጣ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ መጨረሻም 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ላይ ሲገባ አይተናል። የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ከ24 ዓመት በኋላ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ወደ ሀገራችን የተመለሰው በዚያ ጠዋት ነው። ታምራት ግን መጀመሪያ ከተመረጡት ሦስት ሯጮች ውስጥ አልነበረም። ተጠባባቂ ነበር። ቦታውን ያገኘው ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲቀሩት፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው።

እስቲ አስቡት። በሁለት ሦስት ሳምንት ማንም ሰው ለማራቶን አይደርስም። ያ አቅም የተገነባው «ትሮጣለህ» ብሎ ቃል የገባለት ሰው ሳይኖር ወራት ሙሉ በተሠራ ልምምድ ነው። ያውም ታምራት ማንም የማያውቀው ጀማሪ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2023 የኒው ዮርክን ማራቶን በቦታው ክብረ ወሰን አሸንፏል። ይህን ሁሉ ይዞ ተጠባባቂ ተባለ። ተኮራርፎ ቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበት ነበር?

ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ስነግራቸው የሚወዱት የታምራትን ክፍል ነው። እኔ ደግሞ የሲሳይን ክፍል እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። ሲሳይ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የቦስተንን ማራቶን አሸንፎ ነበር። የኦሊምፒክ ቦታ በእጁ ነበረ። ሰውነቱ እምቢ አለና ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ፣ ያ ሰው ደግሞ ወርቅ አመጣ። ይህን መዋጥ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል።

የእኛን ልጆች ትንሽ ነገር እንኳ ምን ያህል እንደሚከብዳቸው ላሳያችሁ። በዱላ ቅብብል ቡድናችን ውስጥ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አለ፣ ፈጣን ነው። ቅልጥሙን እያመመው ለሳምንታት ዝም አለ። ለስፖርት መምህሩ ቢናገር ቦታውን እንደሚነጠቅ ፈርቶ ነው። በውድድሩ ቀን ሦስተኛውን ዱላ ተቀብሎ ኩርባው ላይ ሲደርስ እግሩን መጎተት ጀመረ። ዱላውን ያስረከበው ሁሉም ካለፉት በኋላ ነው። ያን ቀን ተጠባባቂው ልጅ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ዋለ። የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በማግስቱ ልጁ ራሱ ጓደኞቹን ሰብስቦ «አሞኝ ነበር፣ መናገር ነበረብኝ» አላቸው። አንዱ ተቆጣ፣ አንዱ ዝም አለ፣ ተጠባባቂው ደግሞ «ሁለተኛ እንዳታደርገው» ብሎ በትከሻው ገፋ አደረገው። መምህር ቁጭ አድርጎ ቢመክራቸው ይህን አያገኙትም። ወላጆቹ ልጁ ምን እንዳደረገ በዚህ ደብዳቤ እንዲያውቁ የፈቀደው ራሱ ነው። ስሙን ግን አልጽፍም።

የ3,000 ሜትሩ ነሐስ እንዴት እንደመጣም ልንገራችሁ። ሯጯ ስታሟሙቅ የጫማዋ ሶል ከፊት በኩል ተገነጠለ። ውድድሩ ሊጀመር ደቂቃዎች ቀርተውታል። ተጠባባቂዋ የራሷን ስፓይክ አወለቀችላት። አንድ ቁጥር ይበልጥ ስለነበር ካልሲዋንም ጨመረችላት፣ ሁለት ካልሲ ደርባ ገባች። ተጠባባቂዋ በባዶ እግሯ ሳሩ ላይ ቆማ፣ የመምህሩን ሰዓት ይዛ፣ በየዙሩ ደቂቃዋን ትጮህላት ነበር። «አንድ ከ35! አንድ ከ37፣ ወርደሻል!» ስድስተኛው ዙር ላይ ልጅቷ መልሳ ፈጠነች። ሦስተኛ ገባች። ከደወላችሁልኝ እናቶች አንዷ የዚያች ተጠባባቂ እናት ናቸው። «ልጄ እዚያ ሄዳ ምን ሠራች?» ላሉኝ መልሱ ይኸው ነው፣ እማማ።

እኔ ራሴ ስፖርት ሁሉን ሰው ያንጻል ብዬ አላምንም። ስፖርት ክፉ ጠባይም ያስተምራል። ባለፈው ዓመት አንድ ወላጅ ቢሮዬ መጥተው የልጃቸውን ዕድሜ በሁለት ዓመት ቀንሰን እንድንጽፍላቸው ጠይቀውኛል፣ ለታዳጊ ውድድር እንዲደርስላቸው። በቅን ልብ ነው የጠየቁት፣ «ሁሉም ያደርገው የለ!» ብለው። የዕድሜ ነገር የሀገራችን አትሌቲክስ የቆየ ቁስል ነው። ከትናንሾች ጋር እየተሰለፈ የሚያሸንፍ ልጅ ማሸነፍን አይለምድም፣ መደበቅን ነው የሚለምደው። የልደት ሰርተፍኬት ላይ ያለው ቀን ነው የሚጻፈው፣ ሌላ የለም።

ስለ ትዕግሥትም ጠይቃችሁኛል። «ሁለት ዓመት ሠራ፣ ምንም አላመጣም» ትላላችሁ። ምሩፅ ይፍጠር ሙኒክ ላይ በ1972 (እ.ኤ.አ.) በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። 5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ፣ ለምን እንደቀረም ብዙ ይወራል። በ1976 ደግሞ አፍሪካውያን የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ በአፓርታይድ ሰበብ ሲተዉት ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። የአንድ ሯጭ ምርጥ ዓመታት እንዲህ ነው የሚሄዱት። ሞስኮ በ1980 ሲደርስ ብዙዎች አርጅቷል ብለውት ነበር። ማርሽ ቀያሪው ሁለቱንም ወርቅ ጠራርጎ ወሰደ። ስምንት ዓመት ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ አንድ ሴሚስተር ሲጠብቁ ትዕግሥታቸው ያልቅባቸዋል። አንዳንዴ እኛም እንደነሱው ነን መሰለኝ።

መጠበቅ ማለት ግን በአንድ ነገር ላይ ሙጭጭ ማለት አይደለም። ትዕግስት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች። ወደ ማራቶን ዞራ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ከእኛም ልጆች መካከል በ400 ሜትር ሁሌ መጨረሻ ስትወጣ የነበረች አንዲት ልጅ አለች። መምህሯ ወደ ረጅሙ ርቀት ሲያዛውራት ሁለት ቀን አለቀሰች፣ አሁን ግን ከፊት ከሚሮጡት ናት።

ልምምዱን አይታችሁ የማታውቁ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ እንጦጦ ብቅ በሉ። ልጆቹ በባሕር ዛፉ መሀል አንድ ረድፍ ሠርተው ይሮጣሉ። አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየታጠፉ፣ የኋላው የፊተኛውን እግር እየተከተለ። ትልልቆቹ አትሌቶችም ጫካ ውስጥ የሚሠሩት እንዲህ ነው። መሬቱ ሥር በሥር ስለሆነ የፊተኛው ያላየውን ጉድጓድ ሁሉም ይረግጠዋል። ስለዚህ ከፊት የሚሆነው ልጅ ኃላፊነት አለበት፣ መምህሩም በየጊዜው ይቀያይራቸዋል።

ለልጆቹ ከሁሉ የሚከብዳቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቀስ ብሎ መሮጥ። በቀላል ልምምድ ቀን ጎበዞቹ ረድፉን ጥሰው ሊወጡ ይቁነጠነጣሉ። መምህሩ ፊሽካ ነፍቶ ይመልሳቸዋል። ምክንያት አለው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይጠነክራሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። ትንፋሹ ስለፈቀደለት ብቻ በየቀኑ የሚበር ልጅ ከወራት በኋላ እግሩ ይጎዳል። ለፈተና የመጨረሻዋን ሌሊት በቡና የሚያድሩትን ተማሪዎች ሳይ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። የሩጫ ልጆች ከዚያ መሀል እየቀነሱ ነው፣ አልጠፉም እንጂ።

ወደ ፓሪስ ልመለስና አንድ ነገር ስለ ቀነኒሳም ልበል። ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው፣ በ42 ዓመቱ፣ በዚያው በታምራት ማራቶን 39ኛ ሆኖ ጨርሷል። አንዳንዶቻችን ታምራት ከገባ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ነበር። ልጆቻችሁ ግን ጠብቀው እንዳዩት ነግረውኛል። ኃይሌ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ክንዱን አጥፎ መሮጥ የለመደበትን ታሪክ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

አሁን ወደ ሥራው። የሩጫ ቡድኑ ይቀጥላል። ምርጫው የሚደረገው እስካሁን እንደነበረው በሰዓት ነው፣ የማጣሪያው ውጤትም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የልጃችሁን ደቂቃ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስፖርት መምህሩን በስልክ «አሰልፍልኝ» አትበሉት፣ እሱም አይችልም፣ እኔም አልችልም። ከዚህ በኋላ ግን ለተጠባባቂዎች በየሴሚስተሩ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች ጋር የወዳጅነት ውድድር እናዘጋጃለን። ይህን ከእናንተ ቅሬታ ነው የወሰድነው፣ ትክክል ነበራችሁ።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። የልምምድ ዋዜማ ልጆቹ በጊዜ ይተኙ፣ ስልኩ ከመኝታ ቤት ይውጣ። ጠዋት ባዶ ሆዳቸውን አትስደዱብን፣ ሻይ በዳቦም ቢሆን ይቅመሱ። የጾም ሰሞን ከሆነ አስቀድማችሁ ለመምህሩ ንገሩት፣ ልምምዱን ያቀልላቸዋል። አሞኛል የሚል ልጅ ካለ «ሰነፍ» አትበሉት፣ ወደ እኛ ላኩት። ውድድር ላይ ስትመጡ ደግሞ ከአጥር ሆናችሁ ለሁሉም ልጆች ጩኹ፣ ለራሳችሁ ብቻ አይሁን።

ቤት ውስጥ የጠበበ የሩጫ ጫማ ካላችሁ ታጥቦ ለስፖርት ክፍሉ ይሰጥልን። በተለይ ከ37 እስከ 40 ያለው ቁጥር ያጥረናል። ሶሉ የለቀቀም ቢሆን አምጡት፣ በር ላይ ያሉት ጫማ ሰፊ ይሰፉልናል።

ከሰላምታ ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር