ከስብሰባው በፊት፦ የአጎራባች ከተሞች ጉዳይ

ውድ አባላት፣

በሚቀጥለው ስብሰባ የምንወያየው አጎራባች ከተሞች የቤት ልማታቸውንና የመሠረተ ልማት ሥራቸውን እንዴት እንደሚያቀናጁ ነው። ካርታ ስታዩ ወሰኑ ላይ አተኩሩ፤ ሰፊው አስፋልት ድንበሩን ሲሻገር ይጠባል፣ የላይኛው ከተማ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦም የታችኛው ሰፈር ደጃፍ ላይ ያበቃል። ጠቡ ግን በአብዛኛው የገንዘብ ነው፦ ሁሉም ግብር የሚያስገባውን ፋብሪካ ይፈልጋል፤ የሠራተኛውን መኖሪያ ግን ለጎረቤት ይተዋል። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ያሉ ከተሞች ከንግድና ከኢንዱስትሪ ንብረት የግብር መሠረት (ግብር የሚጣልበት የንብረት ዋጋ) ዕድገት 40 በመቶውን በጋራ ቋት አስገብተው ይከፋፈሉታል። እኔ ውይይቱ ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ የጋራ አርማና መፈክር ይቆየን። የውሃና የፍሳሽ መስመር ካርታ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።