ማጠናከሪያው ከታች ይጀምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ጋዜጣችሁ የፊት ገጹን ይለቅለታል። በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ፈተናው ከበደ፣ ኩረጃ ቀረ፣ መምህሩ ሰነፈ እያልን ተከራከርን። እኔ የማስተምረው አራተኛ ክፍል ነው። ክርክሩን ስሰማ ዓይኔ ላይ የሚመጣው አምና መስኮቱ ሥር ይቀመጥ የነበረ አንድ ልጅ ነው።

የአማርኛ መጽሐፉን አንብብ ሲሉት ቀጥ ብሎ ቆሞ አንዲት ቃል ሳይስት ይወጣዋል። ኅዳር ላይ ከምንባቡ መካከል አንድ ቃል በጣቴ ጠቆምኩና «ይህስ ምን ይላል?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከምንባቡ መጀመሪያ ተነሥቶ በቃሉ እየቆጠረ ወደ ጠቆምኩት ቃል እየመጣ ነበር። «ሊ» እና «ሌ» ለእርሱ አንድ ናቸው። ሦስት ዓመት ሲያልፍ ማንም አልነቃበትም፤ እኔም ብሆን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል በቃሉ የሚይዝ ልጅ ጎበዝ ይመስላል።

ከእረፍት ሰዓት ሃያ ሃያ ደቂቃ እየቀነስን እስከ የካቲት ፊደል ቆጠርን። አሁን እየተንተባተበም ቢሆን ያነባል። እንደ እርሱ ያሉ ሌሎች አሥራ አንድ ነበሩ፤ ለሁሉም አልደረስኩላቸውም።

በትምህርት ቤታችን ማጠናከሪያ ትምህርት የለም አይባልም። የሚሰጠው ግን ፈተና ላለባቸው ለስድስተኛና ለስምንተኛ ክፍሎች ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም ማለፊያ ነጥብ ላልሞላላቸው የአቅም ማሻሻያ ያስተምራሉ። አልቃወመውም፤ የእኅቴ ልጅም በዚያው በኩል ነው የገባው። ነገር ግን ፊደል ሳይለይ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እዚያ ደጃፍ ድረስ መቼ ይዘልቃል?

የኔታ ዘንድ የተማረ ያስታውሳል፤ ገበታውን ሳይለይ ወደ ንባብ የሚሻገር ልጅ አልነበረም። አንድ በአንድ ፊታቸው አስቀምጠው በስንደዶ እየጠቆሙ ያስቆጥራሉ፤ በቃሉ እንደያዘው ከጠረጠሩ እያዘለሉ ይጠይቁታል። አለንጋቸውን አልናፍቅም፤ ስንደዶውን ግን እናፍቃለሁ።

ልጁ ክፍል ይድገም ማለቴም አይደለም። ቢደግም የሚጠብቀው ያው ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜም ገና የተቀጠረ መምህር፤ ልምድ ያለውን ርእሰ መምህሩ ለስምንተኛ ክፍል ያስቀረዋላ። የምጠይቀው ሁለተኛ ክፍል ገና መስከረም ላይ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው አይቶት የማያውቀውን ገጽ እንዲያነብ ነው። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ስልሳ ቢሆኑ ሦስት ሰዓት። ወደ ኋላ ለቀሩት በየቀኑ ሃያ ደቂቃ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ውስጥ ይያዝላቸው። ከእረፍት ሰዓት ላይ ግን አይሁን፤ ልጁም መጫወት አለበት፣ እኔም ሻይ ያምረኛል።

የአራተኛ ክፍል መምህር
ደብረ ብርሃን