የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ 61 ቁልፍ፣ 18 ፒን

ሌሎቹ ክበባት ዘንድሮ ችግኝ ተክለዋል ድራማ አሳይተዋል፣ እኛ ከህዳር እስከ ሰኔ አንድ ኪቦርድ ይዘን ቁጭ ብለናል። አውቃለሁ፣ ስታፍ ሩም ውስጥ በደንብ ተቀልዶብኛል።

ነገሩን ያመጡት ጌመሮቹ ናቸው። ላብ ያለው ኪቦርድ ላይ ሶስት አራት ቁልፍ አብረህ ስትጫን አንዱን አይሰማም፣ "ቲቸር ይከዳናል" ይላሉ። ከፍተን አየነው። ቁልፎቹ በረድፍና በአምድ ሽቦ ይጋራሉ፣ የአራት ማዕዘን ሶስቱን ጥግ ከተጫንክ ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ቺፕ አራተኛውም የተነካ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ዝም ይላል። መድሀኒቱ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ዳዮድ ነው፣ ከረንት በአንድ በኩል ብቻ እንዲያልፍ። እንግዲያው እኛው እንስራ ተባለ።

ፕሌቱን፣ ቁልፎቹ የሚሰኩበትን ጠፍጣፋ፣ ከ3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ቆረጥነው፣ ለእያንዳንዱ ስዊች (ከቁልፉ ስር ላለችው ማብሪያ) 14 በ14 ሚሊ ቀዳዳ፣ ስራው ሁሉ በመጋዝና በሞረድ። ስዊቾቹ የተሰሩት ለ1.5 ሚሊ ፕሌት ስለሆነ ክሊፓቸው አልያዘም፣ በትኩስ ሙጫ አጣበቅናቸው። አያምርም ግን አይወልቅም።

ከዚያ ፒን አነሰን። የኪቦርዱ አንጎል የሆነው ፕሮ ማይክሮ ቦርዳችን ያለው 18 ፒን (ሽቦ የሚበየድበት እግር) ነው፣ የኛ ዲዛይን ደግሞ 5 ረድፍ በ14 አምድ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍና አምድ አንድ ፒን፣ ማለትም 19። በአንዲት ፒን! ሁለት ሳምንት ሌላ ቦርድ ከየት እናምጣ ስንል ከረምን፣ አንድ ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነስታ "ሽቦው ለምንድነው ቁልፎቹ የተደረደሩበትን ቅርፅ የሚከተለው?" አለችና ሰሌዳው ላይ 8 በ8 ሳለች። 64 ቦታ፣ 16 ፒን፣ 61 ቁልፍ ገብቶ ሶስት ቦታ ይተርፋል። እኔ አላሰብኩትም ነበር፣ ይኸው ፅፌዋለሁ።

ብየዳው የጥርና የየካቲት ስራ ነበር፣ መብራት ባለ ቀን። መጀመሪያ ስንሰካው ስምንት ቁልፍ ሞቶ ተገኘ፣ አንድ ረድፍ ሙሉ ዳዮዶቹ ተገልብጠው ተበይደዋል። ዳዮዱ ላይ ያለችውን ጥቁር መስመር እዩ ብዬ ነበር፣ ረድፉን የበየድኩት ግን እኔው ነኝ።

ስዊቾቹን ያመጣችልን የአንዱ ልጅ አክስት ናት፣ ከዱባይ በሻንጣ፣ እግዜር ይስጣት። ቀይ ነበር ያዘዝነው፣ ሳይጮህ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን፣ የመጣው ግን ሰማያዊ ነው፣ በተነካ ቁጥር ቀጭ የሚለው። ላብራችን ከላይብረሪው ጋር የሚዋሰነው በስስ ግድግዳ ነው። እትዬ ላይብረሪያኗ መጀመሪያ አይጥ የገባ መስሏቸው መጥተው ነበር፣ አሁን ጌም ሰዓት ሲደርስ በሩን በደንብ ይዘጋሉ።

ብዙ ልጆች "አማርኛ ይፅፋል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ኪቦርዱ የሚልከው የቁልፍ ቁጥር ብቻ ነው፣ ፊደሉን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው፣ ስለዚህ አዎ ይፅፋል። ስፔስ ባሩ ግን ጫፉን ስትጫኑት ይንጋደዳል፣ ረጅም ቁልፍ ሁለቱም ጫፉ እኩል እንዲወርድ የሚያደርገውን ስታቢላይዘር ማዘዝ ረስተናል፣ አክስትየው ለመስቀል ትመጣለች ተብሏል።