ስንኙን የሰበርነው እኛ ነን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። የግጥም መጽሐፍ በእጃችን እየሰፋን የምንሸጥላችሁ ሁለታችን ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ስላበላሸነው ሥራ ነው። ዋጋ መጨመራችንንም እዚሁ እንነግራችኋለን። ይቅርታና የዋጋ ጭማሪ በአንድ ደብዳቤ መላክ ድፍረት ይመስላል። ግን የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ ለዚያ ነው አንድ ላይ ያመጣናቸው።

በጥቅምት ያወጣናትን ትንሿን የግጥም ጥራዝ የገዛችሁ፣ እስኪ ገጽ 11ን ግለጡ። ሁለት ስንኝ ደህና ትሄዳላችሁ። ሦስተኛው ላይ የመጨረሻው ቃል ከመስመሩ ወርዶ፣ ብቻውን ግራ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል። አምስተኛውም እንደዚያው። ገጽ 12 እና 13 ላይ ይብሳል። ገጣሚዋ እንዲህ አድርጋ አልጻፈችውም። ከ19 ግጥሞች ሦስቱ እንዲህ ተሰባብረው በ150ውም ቅጂ ላይ ታትመዋል።

አንድ ደንበኛችን «አሰባበሩ ደስ ይላል፣ ዘመናዊ ነው» ብሎ መልእክት ልኮልናል። እናመሰግናለን። ግን ዘመናዊነት ሳይሆን የፎንት መጠን ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። መጽሐፎቻችን እስካሁን ኤ6 ነበሩ፤ የኤ4 ሩብ ማለት ነው። 105 በ148 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ኮት ኪስ ይገባሉ፣ ታክሲ ውስጥ በአንድ እጅ ይነበባሉ። ከግራና ከቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ስንተው ለግጥሙ የሚቀረው 75 ሚሊ ሜትር ነው። ለየወል ቤት ይበቃል (ቤት የምንለው የስንኝ ልክ ነው፤ የሚለካውም በቀለም፣ አንድ ላይ በሚነገር የቃል ቁራጭ)፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። ሰንጎ መገን አምስት ባምስት ስለሆነ ቦታ ይተርፈዋል። ችግር የሚመጣው በባለቅኔው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ስም በሚጠራው በየፀጋዬ ቤት ነው። ስምንት በስምንት፣ 16 ቀለም ነው። ሦስቱ የተሰበሩት ግጥሞች በዚህ ቤት የተጻፉ ናቸው።

16 ቀለም ማለት 16 ፊደል የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኛንም መጀመሪያ መስሎን ነበር። ድምፅ የሌለው ሳድስ በቀለም አይቆጠርም። «ብርሃን» ሲጻፍ 4 ፊደል ነው፤ ሲነበብ ግን ብር፣ ሃን ነው፣ 2 ቀለም። ስለዚህ ባለ 16 ቀለም ስንኝ ወረቀት ላይ ሲወርድ 24 እና 25 ፊደል ሊሆን ይችላል። በፎንት 11 ጠበብ ብሎ ይገባል። በ12 አይገባም።

እኛ ደግሞ በመጨረሻው ሌሊት 11ን 12 አደረግነው። በክፋት አይደለም። እናቶችና አባቶች የሆኑ አንባቢዎቻችን «ፊደሉ ጉንዳን ነው» እያሉ ሲወቅሱን ከርመዋል። እውነታቸውን ነው። የኛ ፊደል ሲያንስ የሚጠፋው ትንሹ ምልክት ነው። «ቤ» እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ቀለም ሞልቷት «ቢ» ትመስላለች። «ቤት» የነበረው «ቢት» ይሆናል። (ባልደረባዬ «ቤት ያልመታ ግጥም ቢት ይምታ» ብሎ አልፎታል። እኔ አልሳቅሁም።)

እና በ11 አርመን በ12 አተምን። እርማቱ ጥሩ ነበር። ከእርማት በኋላ ግን ማንም መልሶ አላነበበም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ማጠፍ፣ መውጋት፣ መስፋት ነው። ሁለታችንም 150 ጊዜ ያን ገጽ በእጃችን ነክተነዋል። ማናችንም አላየነውም።

ያየችው ገጣሚዋ ናት፤ ያውም መድረክ ላይ። የግጥም ምሽት ነበር። ከመጽሐፏ እያነበበች ገጽ 11 ላይ ደረሰች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምጿ ወደቀ። ቤት የሚመታው ቃል የለም፤ ታች ወርዷል። ዓይኗ ሲፈልገው ትንሽ ዝም አለች። ሰዉ ስሜት የያዛት መስሎት አጨበጨበ። እሷ መጽሐፉን ዘግታ የቀረውን በቃሏ ጨረሰችው። እኛ የኋላ ወንበር ላይ ነበርን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠን እንዴት በተመቸን።

በማግስቱ መፍትሔ ስንፈልግ ባልደረባዬ የአያቱን ዳዊት ይዞ መጣ። ብራና ነው፣ ከነማኅደሩ። ለጥራዙ ብሎ ነበር ያመጣው፤ የስፌቱን አሠራር ሊያሳየኝ። እኔ ግን መስመሮቹን ሳይ ቀረሁ። የብራና ዳዊት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓምድ ነው የሚጻፈው። እያንዳንዱ ሐረግ አዲስ መስመር ይጀምራል፣ እዚያው መስመር ላይም ያልቃል። ሐረጉ ከረዘመ ጸሐፊው ወደ መጨረሻው ፊደሉን ያጠጋጋል፣ ያሳንሳል። ያም ካልበቃ የተረፈችውን ቃል ከመስመሩ ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ በትንሹ ይሰቅላታል። ግራ ጠርዝ ላይ ወርዳ አዲስ ሐረግ እንድትመስል አይተዋትም። ኮምፒውተራችን ያደረገው ግን በትክክል ያንን ነው።

በነገራችን ላይ በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ በማተሚያ የታተመው መጽሐፍም ዳዊት ነው። በ1513 እ.ኤ.አ.፣ ሮም ላይ። የፊደላችን ኅትመት የጀመረው በግጥም መጽሐፍ ነው ብንል ማን ይከሰናል?

እንደ ድሮ ጸሐፊ የተረፈውን ቃል መስቀል ሞከርን። በእጅ ሲጻፍ ያምራል፤ በኮምፒውተር ሲሠራ የግርጌ ማስታወሻ ይመስላል። ከዚያ መጽሐፉን በጎኑ አጋደምነው። ስፋቱ 148 ሆነ፣ ስንኙ ገባ። ግን የሚሰፋበት ጀርባ 105 ብቻ ሆነ። ሲከፈት እንደ ቢራቢሮ ይዘረጋል፤ በአንድ እጅ አይያዝም። ባለቤቴ አይታው «የእቁብ ደብተር» አለችው። በዚያው ቀረ።

የቀረን መጠኑን ማሳደግ ነው። ከዚህ በኋላ መጽሐፎቻችን ኤ5 ይሆናሉ፤ የኤ4 ግማሽ። ከግራና ከቀኝ 20 ሚሊ ሜትር ተትቶም ለስንኝ 108 ሚሊ ሜትር ይቀራል። በ12 ፎንት 16 ቀለም እጁን ዘርግቶ ይተኛበታል። ኮት ኪስ ግን አይገባም። ይህ ለብዙዎቻችሁ ትልቅ ነገር እንደሆነ እናውቃለን። ለኛም ነው። ነገር ግን ኪስ ገብቶ ስንኝ ከሚሰበር ቦርሳ ይግባ ብለናል።

አሁን ወደ ዋጋው። ባለ 32 ገጽ ጥራዝ በኤ6 ሲሠራ 4 የኤ4 ወረቀት ይበላል። በኤ5 8 ይበላል። በቀጥታ እጥፍ ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ወረቀት ምን እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ደብተር የገዛ ወላጅ ያውቀዋል።

ሌላ ያላሰብነውም ነገር ገጠመን። ወረቀት እንደ እንጨት አቅጣጫ አለው። በአቅጣጫው ስታጥፉት እሺ ይላል፤ አቋርጣችሁ ስታጥፉት ይሰነጠቃል፣ መጽሐፉም አልዘጋም ብሎ አፉን ከፍቶ ያድራል። ሱቅ የምናገኘው ኤ4 ብዙውን ጊዜ አቅጣጫው በረጅሙ ጎን ነው። ለሁለት ቆርጠን ወደ ኤ6 ስናጥፈው እጥፋቱ ከአቅጣጫው ጋር ይገጥም ነበር። ሳናውቀው ዕድለኞች ነበርን። ሳይቆረጥ ወደ ኤ5 ሲታጠፍ ግን አቋራጭ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሙከራዎች ሽፋናቸው ጀርባው ላይ ተሰነጠቀ። ወረቀቱን ወቀስን፣ አየሩን ወቀስን። አንድ ሽማግሌ ጠራዥ ናቸው ቁራጭ ወረቀት ምላሳቸው ላይ ነክተው ወደየት እንደሚጠቀለል ያሳዩን።

ስለዚህ ኤ4 ከሱቅ መግዛት ትተን 61 በ86 ሴንቲ የሆነውን ትልቁን ሉህ መግዛት ጀምረናል። ለስምንት ሲቆረጥ አቅጣጫው በአጭሩ ጎን የሆነ ኤ4 ይወጣል። ደስ የሚለው፣ ስምንት ኤ4 ማለት ደግሞ ልክ 32 ገጽ ነው። አንድ ሉህ፣ አንድ መጽሐፍ። ለመቁረጫ ግን ለማተሚያ ቤት እንከፍላለን፤ በኛ መቀስ የሚሆን አይደለም።

ስፌቱም ጨምሯል። ትንሹ መጽሐፍ ሦስት ቀዳዳ ይበቃው ነበር፤ ለኤ5 አምስት እንወጋለን። የምንወጋው በወስፌ ነው። ወስፌው ስፌት ለሚሰፉ የባልደረባዬ እናት ነበር፤ «ለወረቀት ነው የምትፈልገው?» ብለው በጣም አዝነው ነው የሰጡት። ክሩን በጧፍ ሰም እናሸዋለን፤ እንዳይቆረጥና እንዳይላላ። (አዎ፣ ሰሙ ክሩ ላይ ነው፣ ወርቁን ገጣሚዎቹ ያምጡ። ይህን ቀልድ ከሃያ ሰው በላይ ነግሮናል።) አንዴ የሽሮ ሜዳ ፈትል ሞክረን ነበር። ውብ ነበር። ቋጠሮውን ስናጠብቅ በጠስ ይላል። ትተነዋል።

ስምንት ወረቀት አንድ ላይ ሲታጠፍ የመሐሉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይገፋል፤ እሱን መከርከም አለብን። ባጠቃላይ አንዱ ጥራዝ ከ12 ደቂቃ ወደ 18 ደቂቃ ሄዷል። ለ150 ቅጂ 30 ሰዓት የነበረው 45 ሰዓት ሆነ። ሁለታችንም ቀን ሌላ ሥራ አለን። ስለዚህ ካዘዛችሁ ሁለት ሳምንት ይፈጅ የነበረው ሦስት ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ አንሰፋም፤ እርጥበቱ ወረቀቱን ያጣምመዋል።

200 ብር የነበረው ከታኅሣሥ ጀምሮ 280 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛው፣ 56 ብር፣ የገጣሚው ነው። ከዚህ በፊትም አምስተኛው የገጣሚው ነበር፤ እሱን አልነካነውም። ሽፋኑን ቀጭን እናድርገው፣ በስቴፕለር እንምታው፣ ርካሽ ይሆናል ያላችሁን አላችሁ። ስቴፕለር በሁለት ክረምት ይዝጋል። ዝገቱ ደግሞ መሐል ገጽ ላይ ያለውን ግጥም ነው የሚያቆሽሸው።

ከናንተ ውስጥ ግጥም የምትልኩልንም ስላላችሁ አንድ ነገር እንለምን። የመጨረሻውን አራት ነጥብ አንድ ጊዜ «።» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ «፡፡» ስትመቱ ኮምፒውተሩ ሁለት ምልክት ነው ብሎ ያስባል፤ መስመር ሲጠበው አንዳንዴ አንዱን እዚያ ትቶ ሌላውን ታች ያወርደዋል። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈም እኛ ጋ ሲደርስ የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆናል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩ ይሻለናል፤ ስንኙ የት እንደሚያልቅ በእጃችሁ እናየዋለን።

የጥቅምቷን ጥራዝ በተመለከተ። የሸጥነው 117 ቅጂ ነው። ከቀሩት 33 ገጣሚዋ ለማስታወሻ አንድ ወስዳለች፤ ሌሎቹን ክራቸውን ቆርጠን በትነናቸዋል። ሁሉንም በኤ5 እንደገና አትመን እየሰፋን ነው። መጽሐፉን የገዛችሁ ሁሉ አዲሱን በነጻ ታገኛላችሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍነውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን፣ አዲሱ በዚያው ቁጥር ይመጣላችኋል። አሮጌውን መመለስ ግዴታ አይደለም። አዲስ አበባ ላላችሁ በሞተረኛ እንልካለን፣ ሒሳቡ በኛ። ዋሽንግተንና ዱባይ ያላችሁ እንደተለመደው ሰው ፈልጉልን፤ ክብደቱ 65 ግራም ያህል ነው፣ ከበርበሬው ጎን ይገባል።

አንዲት ደንበኛችን አሮጌውን አምጥታ አዲሱን ወሰደች። ስንገልጠው የተሰበሩት ስንኞች ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር ስባ፣ እያንዳንዱን የወረደ ቃል ወደ ቦታው መልሳለታለች፤ ሦስቱንም ግጥም፣ አንድም ሳትስት። ከኛ እርማት ይበልጣል። መልሰን ልንሰጣት ደውለንላት «አይ፣ እናንተ ጋ ይቀመጥ» ብላናለች። የምንሰፋበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት እንኖራለን። ሻይ አለ።

በአክብሮት፣
ከጥራዝ ቤቱ፣ ሁለታችን
ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ